ሉፐስ፣ የወባ መድኃኒት እና አንጀት ውስጥ የተደበቀው ትል

ለሉፐስ ሕሙማን ከሁሉ በፊት የሚታዘዘው መድኃኒት የወባ መድኃኒት ነው፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይባላል። ይህን የሰማ ሰው ቀጣዩን ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ የወባ መድኃኒት ሕመሙን ካበረደው፣ ሕመሙ ራሱ ከጥገኛ ተሕዋሲ የመጣ ይሆን? ከዚህ ተነሥተው አይቨርሜክቲን የተባለውን የትል መድኃኒት ገዝተው የሚውጡ፣ ትሉ ሲወጣ ሉፐሱም አብሮ ይወጣል ብለው መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ።

ሉፐስን የሚያመጣ ጥገኛ ተሕዋሲ አልተገኘም። የትል መድኃኒትም ሉፐስን አያድንም። ይሁን እንጂ ጥገኛ ተሕዋስያንና ሉፐስ በሌላ በኩል ይገናኛሉ፤ አንዱ ሌላውን መስሎ ሐኪም ያሳስታል፣ የአንዱ መድኃኒት የሌላውን ይነካል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለሉፐስ የሚሰጠው ስቴሮይድ (የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት) ለዓመታት ዝም ብሎ የኖረን ትል ቀስቅሶ ሰው ሊገድል ይችላል። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ትሉ ሉፐስ አምጥቶብኝ ይሆን ብሎ ነው። መጨነቅ የሚገባው ግን ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ትል መኖር አለመኖሩ ስለመፈተሹ ነበር።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ የሚነሣበት በሽታ ነው። ሰውነት በሕዋስ አስኳል ውስጥ ባሉ ነገሮች ላይ፣ ለምሳሌ በዲኤንኤ ላይ፣ አንቲቦዲ (ጠላትን ለመምታት የሚሠራ ፕሮቲን) ያመርታል። አንቲቦዲው ከዒላማው ጋር ተጣብቆ በደም ይዞርና ቆዳ፣ መገጣጠሚያ፣ የሳንባና የልብ ሽፋን፣ የኩላሊት ማጣሪያ ላይ እያረፈ ያስቆጣል። ከ10 ሕሙማን 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ይጀምራል። ዘር፣ ሆርሞን፣ የፀሐይ ጨረር፣ አንዳንድ ቫይረሶችና መድኃኒቶች ድርሻ አላቸው።

የወባ መድኃኒት ሉፐስ ላይ ምን ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ1894 ፔይን የተባለ የለንደን ሐኪም የሉፐስ ሽፍታ ላለባቸው ሰዎች ኩዊኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ይሰጥ እንደነበር ጽፏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ወባን ለመከላከል ሜፓክሪን የሚወስዱ ወታደሮች የቆዳ ሽፍታቸውና የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ሲሻል ታየ። በ1951 ፔጅ የተባለ ሐኪም ሜፓክሪንን በ18 የሉፐስ ሕሙማን ላይ ሞክሮ ውጤቱን ላንሴት መጽሔት ላይ አወጣ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ1955 ነው።

የወባ ተሕዋሲ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን የሚያላምጠው አሲዳማ በሆነች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው። መድኃኒቱ እዚያች ከረጢት ውስጥ ይከማችና ተሕዋሲው ከምግቡ የሚተርፈውን መርዛማ ሄም ማምከን እንዳይችል ያደርገዋል። የሰው መከላከያ ሕዋሳትም ላይሶሶም የሚባሉ አሲዳማ ከረጢቶች አሏቸው። በሉፐስ ጊዜ ቲኤልአር7 እና ቲኤልአር9 የተባሉት ተቀባዮች ከራስ ሕዋስ የወጣውን አርኤንኤና ዲኤንኤ እንደ ጠላት ቆጥረው ኢንተርፌሮን የተባለውን ቁጣ ቀስቃሽ ፕሮቲን የሚያስመርቱት በእነዚህ ከረጢቶች ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ላይሶሶሙ ውስጥ ተከማችቶ አሲዱን ያለዝባል፣ ምልክቱም ይዳከማል። ሁለቱን በሽታዎች ያገናኛቸው አሲዱ እንጂ ተሕዋሲው አይደለም።

ይህን ከጊዜውም ማየት ይቻላል። ወባ በጥቂት ቀን መድኃኒት ይድናል። ሉፐስ ላይ ግን የሃይድሮክሲክሎሮኪን ሙሉ ውጤት የሚታየው ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ሲቋረጥም በሽታው ያገረሻል። በካናዳ የተሠራና በ1991 የታተመ ጥናት በሽታቸው ረግቶ የነበረ 47 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ባዶ ክኒን አስዋጠ፤ እነሱ ላይ ሉፐሱ የማገርሸቱ ዕድል 2.5 እጥፍ ሆነ። ተሕዋሲ ገድሎ የሚሠራ መድኃኒት ቢሆን ተሕዋሲው ከሞተ በኋላ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

መጠኑ በእውነተኛ የሰውነት ክብደት ይሰላል፤ በቀን ለአንድ ኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም አይበልጥም። 55 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 275፣ በሳምንት 1925 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ክኒኑ ባለ 200 ስለሆነና መሰባበሩ ስለማይመከር በሳምንት 9 ክኒን ይደርሳል፤ አምስት ቀን አንድ አንድ፣ ሁለት ቀን ሁለት ሁለት። ለሁሉም ሰው በቀን ሁለት ክኒን ብሎ ማዘዝ ቀጭን ሰው ላይ ዓይን ይጎዳል፤ ፈርቶ እጅግ ማሳነስ ደግሞ በሽታውን ይቀሰቅሳል። በትክክለኛው መጠን በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የሬቲና ጉዳት የሚደርሰው ከ100 ሰው ከ2 ባነሱት ላይ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ግን ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ አንድ የዓይን ምርመራ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ያስፈልጋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዓመታዊውን ምርመራ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ መድኃኒቱ ሳይወጣ ይጠራቀምበታልና።

ብዙዎችን የሚያታልል ነገር አለ። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ግማሹ እስኪወጣ 40 ቀን ገደማ ይፈጃል። ያቋረጠ ሰው ለሳምንታት ምንም ስለማይሰማው «ከመጀመሪያውም አያስፈልገኝም ነበር» ይላል። ሕመሙ ሲያገረሽ ደግሞ ያቋረጠበትን ቀን ረስቶት ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ትል ላይ የሚያሳብቡትም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ሌላ ስሕተት፤ በየቀኑ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ስለወሰዱ ወባ አይይዝም ማለት አይደለም። ክሎሮኪን የማይበግረው ፋልሲፓረም የተባለ የወባ ዓይነት ባለበት አካባቢ ምንም አይከላከልም። አጎበርም የመከላከያ መድኃኒትም ያስፈልጋል። ከመከላከያዎቹ ውስጥ ሜፍሎኪን ከሃይድሮክሲክሎሮኪን ጋር ሲወሰድ የሚጥል በሽታ የመቀስቀስ ዕድሉን ይጨምራል፤ ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፣ ፀሐይ ደግሞ ሉፐስን ታስነሣለች። ለእነዚህ ሰዎች አቶቫኮን ከፕሮጓኒል ጋር ይሻላል፤ ኩላሊት ክፉኛ የተጎዳ ካልሆነ።

ተሕዋሲው ከሉፐስ ይጠብቃል የሚባለውስ?

ይህ ሐሳብ መሠረት የለሽ አይደለም። ብሪያን ግሪንዉድ በ1968 በናይጄሪያ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች ጥቂት መሆናቸውን አስተውሎ ከጥገኛ ተሕዋስያን ብዛት ጋር አያያዘው። በ1970 እሱና ባልደረቦቹ ሉፐስ መሰል በሽታ የሚይዛቸውን አይጦች በአይጥ ወባ በክለው በሽታው ሲታፈን አሳዩ። በኋላ ደግሞ ኤፍሲጂአር2ቢ በተባለው ጂን ላይ ያለ አንድ ለውጥ ሉፐስ የመያዝ ዕድልን እንደሚጨምር፣ በአንጻሩ ከከባድ ወባ እንደሚከላከል ታወቀ፤ ለውጡም በአፍሪካና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሰዎች ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ ይበዛል። ወባን ለመቋቋም የበጀ ጠንካራ መከላከያ ወባ በሌለበት ወደ ባለቤቱ ሊዞር ይችላል የሚለው ግምት ከዚህ የመጣ ነው።

ከአይጥ ወደ ሰው ሲመጣ ግን ማስረጃው ይሳሳል። በሽታው ጥቂት የመሰለው ስላልተመረመረም ሊሆን ይችላል። በሐኪም ክትትል ሥር ባልሆነ መንገድ የትል እንቁላል መዋጥ ወይም መንጠቆ ትል በቆዳ ማስገባት ለሉፐስ ሕክምና አይደለም፤ መከላከያው በመድኃኒት በተዳከመ ሰው ላይ አደጋ ነው።

መስሎ ሲመጣ

ሉፐስን በመምሰል ካላዛርን የሚያህል በተሕዋሲ የሚመጣ በሽታ የለም። ለወራት የማይለቅ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የደም ማነስ፣ የነጭ የደም ሕዋስና የፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) መውረድ አለው። ይህ ሁሉ ሉፐስም ላይ ይታያል። ይባስ ብሎ በሕዋስ አስኳል ላይ የተነሣ አንቲቦዲን የሚፈልገው ኤኤንኤ ምርመራ ፖዘቲቭ ይወጣል፣ ሲ3 እና ሲ4 የተባሉት የደም መከላከያ ፕሮቲኖች ይወርዳሉ፣ አልፎ አልፎ የፀረ ዲኤንኤ አንቲቦዲ ሳይቀር ይገኛል። ምክንያቱም ረጅም ጊዜ የቆየ ኢንፌክሽን አንቲቦዲ አምራች ሕዋሳትን ያለ ልዩነት ስለሚቀሰቅስ በራስ አካል ላይ የሚነሡትም አብረው ይመረታሉ። ወረቀቱን ብቻ አይቶ ሉፐስ ነው ብሎ ስቴሮይድ መስጠት ካላዛሩን ይመግበዋል። ወባና ቢልሃርዝያም ኤኤንኤን ፖዘቲቭ ሊያደርጉ ይችላሉ።

የሚለዩት በዝርዝሩ ነው። ጣፊያው ከጎድን አጥንት ሥር ብዙ ወርዶ እስኪዳሰስ ካበጠ ካላዛር ወይም ወባ ይቅደም፤ በሉፐስ ጣፊያ ቢያብጥም ትንሽ ነው። ከአፍንጫ ጎንና ከከንፈር መካከል ያለውን እጥፋት ሳይነካ ጉንጭና አፍንጫ ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የማያም የላንቃ ቁስል፣ ፀረ ስሚዝ የተባለው አንቲቦዲ ወደ ሉፐስ ያጋድላሉ። የካላዛር ፈጣን ምርመራ (አርኬ39) በጣት ደም ይሠራል፤ ነገር ግን መከላከያው የተዳከመ ሰው ላይ ኔጌቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል ጥርጣሬው ካለ መቅኔ ተቀድቶ ይታያል። በ2019 የወጣው የሉፐስ መለያ መስፈርት ኤኤንኤ ቢያንስ 1፡80 መሆኑን እንደ መግቢያ ይቆጥራል፣ ከዚያ 10 ነጥብ ይጠይቃል፤ ሌላ የተሻለ ምክንያት ያለው ምልክት ግን አይቆጠርም ይላል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው።

ኩላሊት ላይ ደግሞ ቢልሃርዝያ የሉፐስ ዓይነት የኩላሊት ቁጣ ያስከትላል። እዚህ ላይ ከኩላሊት ናሙና መውሰድ ይረዳል፤ በሉፐስ ሦስቱ የአንቲቦዲ ዓይነቶች (አይጂጂ፣ አይጂኤ፣ አይጂኤም) እና ሲ3 እና ሲ1ኪው የተባሉት የመከላከያ ፕሮቲኖች አምስቱም በአንድነት ተከማችተው ይታያሉ።

ስቴሮይድ እና ስትሮንጂሎይደስ

ከአንጀት ትሎች አብዛኞቹ የሉፐስ ሕክምናን ያን ያህል አያስፈሩም። የወስፋት እንቁላል ከሰው ወጥቶ አፈር ላይ ማደግ አለበት፤ አንጀት ውስጥ ቁጥሩ በራሱ አይጨምርም። ስትሮንጂሎይደስ የተባለው ትል ግን የተለየ ነው። በተበከለ አፈር ላይ በባዶ እግር ለሄደ ሰው እጩ (ገና ያላደገው ትል) በቆዳ ይገባል፤ በደም ሳንባ ደርሶ፣ በጉሮሮ ወጥቶ ይዋጥና ትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ይቀመጣል። ሴቷ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ ያለ ወንድ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ እዚያው ይፈለፈላል፤ ከእጮቹ የተወሰኑት ሳይወጡ አንጀት ውስጥ ወይም ፊንጢጣ አካባቢ ባለ ቆዳ ላይ አድገው እንደገና ወደ ደም ይገባሉ። አንድ ጊዜ የተያዘ ሰው ዳግም አፈር ሳይነካ ዕድሜ ልኩን ሊሸከመው ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በታይላንድና በርማ የባቡር ሐዲድ ላይ እንዲሠሩ የተደረጉ የጦር ምርኮኞች ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ትሉ ተገኝቶባቸዋል።

ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም። አልፎ አልፎ ሆድ ይቆርጣል፣ ያሳክካል፤ መቀመጫና ጭን ላይ በሰዓት ውስጥ በርካታ ሴንቲ ሜትር የሚሮጥ ቀይ መስመር ከታየ ከዚህ ትል ውጪ የሚያስጠረጥር ጥቂት ነው።

መከላከያው ይህን ዑደት በልክ ይዞታል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ሲጀመር ልኩ ይፈርሳል፤ እጮቹ በብዛት አድገው የአንጀትን ግድግዳ እየቀደዱ ወደ ሳንባ፣ ጉበት፣ አንጎል ይዘልቃሉ፤ የአንጀት ባክቴሪያም ይዘው ስለሚሄዱ የደም መመረዝና ማጅራት ገትር ይከተላል። አደጋው ጎልቶ የሚታየው በቀን 20 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ነው፤ በአጭር ጊዜም ደርሶ ያውቃል። ምልክቱ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ እምብርት ዙሪያ የደም ነጠብጣብ ነው። ሐኪም ሉፐሱ ሳንባና አንጀት ላይ አገረሸ ብሎ ስቴሮይዱን ከጨመረ በሽተኛው ሊተርፍ የሚችልበት ዕድል ይመነምናል። ትል ሲኖር ከፍ የሚለው ኢኦሲኖፊል የተባለ የደም ሕዋስም ስቴሮይድ ላይ ባለ ሰው ስለሚጠፋ ትክክለኛ ቁጥር ማየት ትል የለም ማለት አይሆንም።

ስለዚህ ፍተሻው ከስቴሮይዱ ይቅደም። አንድ ተራ የሰገራ ምርመራ ብዙውን ያመልጠዋል፤ እጩ በየቀኑ አይወጣም፣ ሲወጣም ጥቂት ነው። በተለያየ ቀን የተወሰደ 3 እና ከዚያ በላይ ናሙና፣ በተለይ ቤርማን ወይም አጋር በተባሉት እጭ መፈለጊያ ዘዴዎች፣ የተሻለ ነው። የደም አንቲቦዲ ምርመራ ከሁሉ ይበልጣል። «የትል መድኃኒት በቅርቡ ወስጃለሁ» የሚለው መልስ አያሳርፍም፤ ለወስፋት የሚሰጠው አንድ ጊዜ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ስትሮንጂሎይደስን አይነቅልም።

ሕክምናው አይቨርሜክቲን ነው፤ ለአንድ ኪሎ 200 ማይክሮ ግራም፣ በቀን አንዴ ለ1 ወይም 2 ቀን። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 12 ሚሊ ግራም፣ ባለ 3 ከሆነ 4 ክኒን ማለት ነው። ምርመራው በማይገኝበት ትሉ በተስፋፋበት ስፍራ ለኖረ ሰው ሳይመረመሩ መስጠት የተለመደ ነው። ሉፐሱ ኩላሊት ወይም አንጎል እያጠቃ ከሆነ ውጤት መጠበቅ የለም፤ አይቨርሜክቲኑና ስቴሮይዱ በአንድ ቀን ይጀመራሉ። ሎአ ሎአ የተባለው የዓይን ትል በሚገኝባቸው የመካከለኛውና የምዕራብ አፍሪካ ደኖች የኖረ ሰው ግን በመጀመሪያ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ተሕዋሲው በደሙ ውስጥ ከበዛ አይቨርሜክቲን አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ትሉ ከተሰራጨ በኋላ መድኃኒቱ በየቀኑ ይሰጣል፤ የሚቆመውም ሰገራና አክታ ለ2 ሳምንት ንጹሕ ሲሆን ነው። ስቴሮይዱ በሐኪም እየተቀነሰ ይሄዳል፤ በአንዴ አይቆረጥም፣ የቆየ ተጠቃሚ ራሱን ሊስትና የደም ግፊቱ ሊወድቅ ይችላልና።

አይቨርሜክቲን ወስዶ የተሻለው የሉፐስ በሽተኛ ካለ እንግዲህ ሁለት ቀላል ምክንያት አለ። ሉፐስ በራሱ ጊዜ ይበርዳል፣ በራሱ ጊዜ ያገረሻል። ወይም ሰውየው በእርግጥ ትል ነበረበት፤ የድካሙና የሆድ ሕመሙ ምንጭ እሱ ነበር።

ሉፐስ ያለበት ሰው ሊጠነቀቃቸው የሚገቡ መድኃኒቶች

በመድኃኒት የሚመጣ ሉፐስ አለ፤ በዋናነት የሚያመጡት ሃይድራላዚን፣ ፕሮካይናማይድ፣ አይሶናያዚድ፣ ሚኖሳይክሊንና ፀረ ቲኤንኤፍ የሚባሉት ቁጣ አብራጅ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሲቆሙ በሳምንታት ወይም በወራት ይለቃል። አይቨርሜክቲን፣ አልቤንዳዞልና የቢልሃርዝያ መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አይደሉም። ቀድሞ ለትል ይሰጥ የነበረው ሌቫሚሶል ግን የደም ሥር ቁጣ ያስነሣል፤ ጆሮ ላይ ጥቁር ሐምራዊ ቁስል ያወጣል፣ ነጭ የደም ሕዋስንም ያወርዳል። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ከኮኬይን ጋር ተቀላቅሎ ነው።

ለወባ የሚሰጠው ሰልፋዶክሲን ከፓይሪሜታሚን ጋር ሰልፋ አለበት። ለቶክሶፕላዝማ የሚሰጠው ሰልፋዳያዚንም እንዲሁ። ሉፐስ ያለባቸው ሰዎች ሰልፋ ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ አለርጂ ይበዛባቸዋል፤ በሽታውም ሊያገረሽ ይችላል። ሌላው የወባ መድኃኒት ፕሪማኪን ደግሞ ሉፐሱ በተባባሰበትና ነጭ ሕዋስ በሚወርድበት ጊዜ አይሰጥም፤ ጂ6ፒዲ የተባለው የቀይ ደም ሕዋስ ኢንዛይም ምርመራም ይቀድመዋል። ኩዊኒን ፕሌትሌትን በድንገት ሊያወርድ ስለሚችል ሉፐሱ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ።

ክሎሮኪን በደም ውስጥ ያለውን የፕራዚኳንቴል መጠን ይቀንሳል፤ ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድም እንደዚሁ፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪንም የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ ቢልሃርዝያ የታከመ ሰው በሳምንታት ውስጥ ሰገራውን ወይም ሽንቱን ደግሞ ማስመርመር ይገባዋል። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይቨርሜክቲን ከዋጠ አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ ይለካ። የወባ ሕክምና የሆነው አርቴሜተር ከሉሜፋንትሪን ጋር፣ እንዲሁም ለካላዛር የሚሰጠው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት፣ ልክ እንደ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የልብ ምትን ሥርዓት የመንካት ጠባይ አላቸው። ሕክምናው አይዘገይም፤ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) መነሣትና ፖታሲየም መለካት ግን ይገባል።

ሉፐስ ያለበት ሰው 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ሲይዘው ስቴሮይዱን በራሱ አይጨምርም፣ በራሱም አያቆምም። ወባ ባለበት አካባቢ ወይም ከዚያ የመጣ ከሆነ የወባ ምርመራው በዚያው ቀን ይደረጋል፤ ሲአርፒ የተባለው በደም የሚለካ የቁጣ ምልክትም ይለካል። መገጣጠሚያ ወይም የሳንባና የልብ ሽፋን ካልተቆጣ በሉፐስ ብቻ ሲአርፒ ብዙ ጊዜ ያን ያህል ከፍ አይልም፤ በጣም ከፍ ካለ ኢንፌክሽን ይፈለጋል። ለሐኪሙ የሚነገረውም የሉፐሱ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የት አካባቢ እንዳደገ፣ በባዶ እግሩ ይሄድ እንደነበር፣ የሚወስደው ስቴሮይድ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነና መቼ እንደጀመረ፣ የትል መድኃኒት ወስዶ ከሆነ የትኛውን እንደሆነ ጭምር ነው።